በሰው እግር ልክ የምትነዳ መኪና

መኪናዬ አፍንጮ በር ዳገት ላይ ሬሳ እንደጫነች ቆመች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይንቀሳቀስም። ነዳጅ ስሰጣት መሄድ እንደሚያምራት ትሆንና መልሳ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ከሥር የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ከፊቴ ካህናቱ፣ ከኋላዬ ነጠላውን ያዘቀዘቀ የሰፈር ሰው፣ እኔ መሃል ላይ መሪ ጨብጬ ላቤ ይንጠፈጠፋል።

ሟቿ ከእኛ ግቢ ትንሽ አለፍ ብሎ የሚኖሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን «ሰው እንዳላስቸግር» ሲሉ የኖሩ ባልቴት ነበሩ። የእድራችን ዳኛ ወደ መስኮቴ ጠጋ ብለው ሁኔታውን አዩና ወደ ለቀስተኛው ዞሩ። «ኑ እስቲ ግፉ! በሕይወታቸው አንድ ቀን አስቸግረውን አያውቁም፤ ዛሬ እንኳ ያስቸግሩን» አሉ። ወንዶቹ ትከሻቸውን ሰጥተው ገፏት። ከሚያለቅሱት ሴቶች መሃል ሳቅ ያመለጣቸው ነበሩ፤ አንዷ እናቴ ናት። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ጥቂት ካረፈች በኋላ መኪናዋ እንደ ምንም በራሷ ሄደች፣ እኛም ቀብረን ተመለስን።

የካምቢዮው ጣጣ የተጀመረው ያን ቀን ነው።

መኪናዋ ፒክአፕ ናት። ለፒያሳ ካፌዎች ለስላሳና ውሃ አከፋፍልባታለሁ። ግራ ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ ፍሪሲዮን መርገጥ ስላቃተኝ ነው አውቶማቲክ የገዛሁት። የዕቃ መኪና አውቶማቲክ ገዛች ተብሎ፣ ባንኮኒ ተደግፎ ማኪያቶ የሚጠጣው ሁሉ ሲስቅብኝ ከርሟል። እድሩ የሚከራያት አሮጌ መኪና ከመንገድ የወጣች ጊዜ የእኔን ጠየቁኝ፣ ለአንድ ቀብር ብዬ እሺ አልኩ፣ በዚያው ቀረሁ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ጥሩምባው ሳይነፋ የእኔ ስልክ ይጮኻል። እናቴ በዚህ ትኮራ ነበር፤ እኔ ደግሞ እነጫነጫለሁ፣ ግን ቀርቼ አላውቅም።

እድራችን አንድ ግትርነት አለው። ሌላው ሰፈር ሬሳውን በመኪና፣ ለቀስተኛውን በአውቶቡስ ጭኖ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይገናኛል። እኛ ጋ ይሄ ነውር ነው። ሰው በእግር ነው የሚሸኘው። ከዶሮ ማነቂያ ተነስተን፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረን፣ በአፍንጮ በር ሽቅብ ወጥተን፣ ከስድስት ኪሎ በላይ እስካለው ቤተ ክርስቲያን ድረስ መኪናዋ ከሁሉም ከምትዘገየው አሮጊት ጋር እኩል ትሄዳለች። ካህናቱ ለጸሎት ሲቆሙ ትቆማለች፣ ሲነሱ ትነሳለች። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችንም እስከ አጥሩ ድረስ ይከተላሉ። የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ወሎዬ ሙስሊም ናቸው፤ ውስጥ ፍትሐቱ እስኪያልቅ አጥሩ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ።

እናቴ ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበረች፣ እግሯ ደክሞ አይደለም። ወደ ኋላ የቀረች አሮጊት ካለች ብቻዋን እንዳትሄድ ብላ ነው። ከመስታወቴ ውስጥ ስፈልጋት ሁልጊዜ ጭራ ላይ፣ የአንዷን ክንድ ይዛ አገኛታለሁ።

መካኒኬ ጋራዡ ከአትክልት ተራ ወረድ ብሎ ነው። የዘይት መለኪያውን መዝዞ አሸተተና ለእኔም አፍንጫዬ ሥር አመጣልኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሯል።

«እህቴ፣ ምን አድርገሻት ነው? ይሄማ ቁሌት ሆኗል እኮ!»

«ቀብር ሄጄባት ነው።»

«በምን ያህል ፍጥነት?»

«በሰው እግር።»

ሳቀ። ከዚያ የምሬን መሆኑ ሲገባው መለኪያውን በጨርቅ እየጠረገ አስረዳኝ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ዳገት ላይ፣ ጭነት ይዞ፣ እንደዚያ ሲንፏቀቅ ውስጡ ያለው ዘይት ይግላል፤ መኪናዋ ስለማትሮጥ ደግሞ የሚያበርደው ነፋስ የለም። እንደ ሌላው ሰው ብነዳ የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ይበቃታል። በእግር ልክ ካልነዳሁ ካልኩ ግን ከራዲያተሩ ፊት ለካምቢዮው ዘይት ብቻ የምትሠራ፣ የራሷ ማራገቢያ ያላት ትንሽ ማቀዝቀዣ ትጨመርላት። እነሱ ኩለር ይሏታል።

«ዘይቱን ቀይሬልሻለሁ፣ ካምቢዮው ለጊዜው ተርፏል» አለኝ። «ኩለሩን አስቢበት። ሰው የሚከተልሽ ከሆነ ያስፈልግሻል። የሚከተልሽ ከሌለ ገንዘብሽን አታቃጥይ።»

እኔ ማሰብ ስጀምር ፒያሳም አብሮኝ አሰበ። ለስላሳ ላወርድ በገባሁበት ካፌ ሁሉ ምክር አይጠፋም። አንዱ፣ ከፋብሪካ ያልመጣ ነገር ከጨመርሽ ቧንቧው አንድ ቀን ይፈስና ካምቢዮሽ ደርቆ ይቀራል ይለኛል። ሌላው፣ ካምቢዮውን ስታወርጂ ከምታለቅሺ አሁኑኑ አስገጥሚ ይላል። ሽማግሌው ገንዘብ ያዥ ደግሞ «ሽጪያትና በቅሎ ግዢ፤ በቅሎ በእግር መሄድ ታውቃለች» አሉኝ። ሁሉም በየራሱ እርግጠኛ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ያልቆረጥኩት።

ይህን ሳወጣ ሳወርድ ሰፈሩ ሊነሳ ነው ተባለ። መጀመሪያ ወሬ ነበር፣ ቀጥሎ እውነት ሆነ። ለየሰዉ የደረሰው ቤት በየአቅጣጫው ነው፤ አንዱ በከተማው አንድ ዳር፣ ሌላው በወዲያኛው ዳር። አጥር ለአጥር ተጠጋግቶ፣ የጎረቤቱን ሳል እየለየ የኖረ ሰው ሁለትና ሦስት ታክሲ ካልያዘ የማይገናኝ ሊሆን ነው። ታዲያ ለማን ብዬ ነው ኩለር የማስገጥመው? መካኒኩ እንዳለው፣ የሚከተል ከሌለ አያስፈልግም። ነገሩ በራሱ ጊዜ የተቆረጠ መሰለኝ።

ለእናቴ ግን አልተቆረጠም።

ልቧን ካመማት ቆይቷል። እግሯ ያብጣል፣ ከአልጋዋ እስከ በር ስትሄድ ትንፋሿ ያጥራል። ስለ መኪና የምታውቀው በየት በኩል እንደሚገባ ብቻ ነው፤ የካምቢዮው ነገር ግን ከእኔ እኩል ገብቷታል።

«ያቺን ማቀዝቀዣ አስገጠምሽ?» ትለኛለች፣ ከሥራ ስገባ።

«የቷን?»

«እያወቅሽ አትጠይቂኝ።»

«እማዬ፣ ሰፈሩ እየተነሳ ምን ያደርግልኛል?»

ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንድ ቀን ግን አልዞረችም። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስከተል ነው የኖርኩት» አለች። «ዝናብ አላልኩ፣ ፀሐይ አላልኩ። ያልሸኘሁት የለም። እኔን እንደ ለስላሳሽ በሩጫ ልታደርሺኝ ነው?»

ተናደድኩ። ቁጡ ነኝ፣ ስፈራ ደግሞ ይብስብኛል። ስለ ሞት አታውሪብኝ ብዬ ጮኽኩባትና በሩን ወርውሬው ወጣሁ። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ መሪው ላይ ተደፋሁ። እውነቱን ለመናገር ያስፈራኝ የቧንቧው መፍሰስ አልነበረም። ያቺን ዕቃ ማስገጠም የእናቴን መግነዝ ገዝቶ ቤት እንደማስቀመጥ ነው። አለማስገጠም ደግሞ «አንቺን የሚከተል ሰው የለም» ብሎ ፊቷ ላይ መንገር ነው። ወዲያ ብል ገደል፣ ወዲህ ብል ገደል። ስለዚህ ሥራ በዛብኝ፣ ነገ አደርገዋለሁ እያልኩ አቆየሁት።

ስንነሳ ዕቃችንን ያመላለስኩት በዚችው ፒክአፕ ነው። መጨረሻ ላይ እናቴን ጋቢና አስቀመጥኳት። የግማሹ ሰፈር ጣሪያ ወርዷል፤ የሰው ጓዳ፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ሚስማር ላይ የቀረ የቀን መቁጠሪያ ከመንገድ ይታያል። እናቴ የማንን ቤት እንደምናልፍ በየስሙ ትጠራው ነበር። ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ ቀስ በይልኝ ብላ ተሳለመች።

አዲሱ ቤታችን ፎቅ ላይ ነው። ሰዎች ደግፈው አወጧት፣ ከዚያ በኋላ አልወረደችም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃውም ይመጣል፣ ጎረቤቶቹ ክፉ አይደሉም። እናቴ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታች የሚያልፈውን ሰው ታያለች፣ የምታውቀው ሰው የለም። «ደህና አደሩ የሚለኝ አጣሁ» ትላለች። ይህን ስትል ልቤ ይሰበር ነበር፤ ሻይ ላፍላልሽ እላታለሁ።

አንድ እሁድ የእድሩ ዳኛ ሊጠይቋት መጡ። ታክሲ ሲቀያይሩ አረፋፍደው፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው፣ ደረጃው ላይ ሦስቴ አርፈው ገቡ። በዕድሜ ከእናቴ ባይበልጡም አያንሱም፣ አስማቸውም ያስቸግራቸዋል። እናቴ ፊቷ በራ። ማን የት እንደደረሰ፣ ማን ልጁን እንደዳረ፣ የማን ቤት እንደሚያፈስ አወሩ።

«እድሩስ አለ?» አለቻቸው።

«አለ እንጂ! መዋጮው በስልክ ሆነ እንጂ እድሩማ አለ። ድንኳኑም አለ። ሰው ነው እዚህም እዚያም የሆነው።»

«ታዲያ እኔን ማን ይከተለኛል?»

እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፣ ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። ዳኛው እንደ ሌላ ሰው «ኧረ ይተዉ፣ ይድናሉ» አላሏትም።

«ሁሉም ከያለበት ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ይመጣል» አሉ። «እዚያ እንጠብቅዎታለን። ከድልድዩ በኋላ እንደ ወጋችን፣ በእግር።»

«ይማሉልኝ።»

«ወላሂ እከተልዎታለሁ።»

እናቴ «ማርያምን» ብለው ከሚምሉላት ክርስቲያኖች ይልቅ የእኚህን ሰው ወላሂ ታምን ነበር። ትራሷ ላይ ለቀቅ ብላ ጋደም አለች። ዳኛውን ታክሲ ድረስ ስሸኛቸው «መኪናሽን ደህና አድርጊያት» ብቻ አሉኝ።

በማግስቱ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ምንም አልጠየቀኝም፤ የወሰንኩትን ከፊቴ ሳያየው አልቀረም። የመኪናዋን የፊት ፍርግርግ አውልቆ ኩለሯን አስቀመጣት፣ ቧንቧዎቹን አስሮ ሞተሩን አስነስቶ፣ በእጁ እየዳሰሰ የሚፈስ እንዳለ አየ። ማራገቢያዋ ዘይቱ ሲግል በራሷ እንደምትነሳ ነገረኝ። ይኸው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ነገር ምሳ ሳይደርስ አለቀ።

ቤት ስደርስ መኪናዋን ከበረንዳችን ትይዩ አቆምኩና ኮፈኑን ከፈትኩት። እናቴ ከላይ አየችኝ። መጮህ ስለማትችል ደወለችልኝ።

«የቷ ናት?»

እጄን ዘርግቼ አሳየኋት።

«ይቺው ናት? ትንሽ ናት እኮ።»

«ትበቃለች እማዬ።»

«ተመስገን» አለችና ዘጋችው። ያን ቀን ምሳዋን ደህና አድርጋ በላች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ እናቱን ለመቅበር ተዘጋጅቶ ያበቃ ሰው የሚያለቅሰውን ልቅሶ።

ክረምቱ ሲገባ፣ ጠዋት ቁርሷን ሳቀርብላት አረፈች። ለዳኛው ደወልኩ፤ እሳቸው ለሁሉም ደወሉ። ሁሉም ድልድዩ ጋ እንዲመጣ ነገሩ። አዲሶቹ ጎረቤቶቻችን ሳያውቁን አለቀሱልን፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ጣሉ፣ ለቀስተኛ የሚጭን አውቶቡስም አመጡ። ጠብ የተነሳው ማን ይንዳ በሚለው ነው። የሟች ልጅ እንዴት ሬሳ ትነዳለች፣ በየት አገር ታይቷል አሉ። እኔም ጮኽኩባቸው። በሰው እግር ልክ መንዳት የሚያውቅ ካለ ይምጣና ቁልፉን ይውሰድ አልኳቸው። ማንም አልመጣም። ሳጥኑን ጫንን፣ ሸራ አለበስነው፣ መሪውን ያዝኩ።

ከዚያ እስከ ፒያሳ ያለው ሰፊ አስፋልት ነው። መነዳት ባለበት ፍጥነት ነዳሁ፣ አውቶቡሱም ተከተለኝ። በመንገዱ ሁሉ የማስበው ድልድዩን ብቻ ነበር። ጃንጥላ የያዘውን ሰው፣ ጥቁር የለበሱትን ሴቶች፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቆም ሳይቀር በዓይነ ሕሊናዬ አያለሁ። ከመጨረሻ ማን እንደሚሆን ግን ማሰብ አልቻልኩም፤ ያ የእሷ ቦታ ነበር።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ዳኛው ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፣ ብቻቸውን።

አውቶቡሱ ለምን እንደቆምኩ ስላልገባው አልፎን ሽቅብ ወጣ። ዳኛው በመስኮቴ በኩል ስልካቸውን እያሳዩ ቆሙ፤ ዓይናቸውን ከእኔ ያሸሻሉ።

«ደርሰናል ነው የሚሉት። ሁሉም ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ናቸው። ከየመጡበት ታክሲው ቀጥታ ስድስት ኪሎ ይጥላቸዋል፤ ዝናብም ሆነ፣ እዚያው እንጠብቅ አሉ።» ከዚያ «ወደዚህ ይውረዱ ልበላቸው?» አሉኝ።

ማንን ልቆጣ? ማንም አልቀረም። ሥራ አስፈቅዶ፣ ልጁን ለጎረቤት ጥሎ፣ ከከተማው ዳር ድረስ የመጣ ሰው ነው። በየፊናው ሆኖ ሲያስበው፣ አንድ እኔ ብቀር ሌላው አለ ብሏል። እናቴም ብትሆን ዳገቱን ወርዳችሁ ውጡልኝ አትላቸውም ነበር። ካህናቱ እየጠበቁ ነው፣ ዝናቡም እየከበደ ነው።

«ይተዉት ጋሼ። ይግቡ፣ እርስዎም ይቀመጡ» አልኳቸው።

ገቡ። ጃንጥላቸውን እግራቸው መሃል አቁመው አቀረቀሩ። ዳገቱን ጀመርኩት። ከኋላዬ ማንም ባይኖርም እግሬ ነዳጁን መርገጥ እምቢ አለኝ፤ በዚያው በለመደው፣ በአሮጊት እርምጃ ልክ ሄደ። መስታወቱ ውስጥ መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ሚኒባስ ብቻ አለ፣ ክላክሱን ይነፋል። ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር መሽከርከር ጀመረ፤ ማራገቢያዋ ተነስታ ነው። እንደ ሌላው ቀን የሰው እግርና ልቅሶ ቢኖር ኖሮ ድምፅዋን የምሰማው አይመስለኝም። እናቴ እንደዚያን ጊዜ ብቻዋን የሆነች መስላኝ አታውቅም።

«አቁሚልኝ» አሉ ዳኛው።

«ምነው ጋሼ? አመመዎት?»

«ምዬላታለሁ እኮ።»

ዝናብ ነው፣ ዳገት ነው፣ አስምዎ ይነሳል አልኳቸው፤ አልሰሙኝም። በሩን ከፍተው ወረዱ፣ ወደ ኋላ ዞሩና በአንድ እጃቸው የመኪናዋን ጎን፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላቸውን ይዘው መራመድ ጀመሩ። ጥቂት ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ሲቆሙ እቆማለሁ፣ ሲነሱ እነሳለሁ። እንደዚያን ቀን ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም። የሚኒባሱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ኧረ ንዱት!» ብሎ ጮኸ፤ ሸራው ሥር ያለውን ሲያይ ራሱን ወደ ውስጥ መለሰ፣ ክላክሱም ጸጥ አለ።

የጋቢናውን የኋላ መስኮት ገፋ አድርጌ ከፈትኩት። ሳጥኑ አጠገቤ ነው።

«እማዬ፣ ሰው እየተከተለሽ ነው» አልኳት።

ስንት እንደሆነ አልነገርኳትም።